እንዲሄድልን የጻፍንለት ደብዳቤ

በጡረታ የተሸኘሁ ዕለት አንድ ብርድ ልብስና በመስታወት የተከፈፈ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ንግግሩን ያደረገው የቀድሞው ኃላፊያችን ነው። እሱ በሹመት ወደ ላይ ከወጣ ቆይቷል፤ ለክብር እንግድነት ተጠርቶ መጥቶ ነበር። ሰዓት አክባሪ ነበረች አለ፤ ፋይል አይጠፋባትም አለ። ቀጥሎ ፈገግ ብሎ፣ «ወይዘሮ የሺ ራሷ መርጣ የገዛችልንን ኮምፒውተሮች ግን መቼም አንረሳቸውም» ሲል አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ነገሩን የማያውቁት አዳዲሶቹ ሠራተኞች ሰው ስለሳቀ ሳቁ። የሚያውቁት እኔን እያዩ ሳቁ። ሳህኔን እንደያዝኩ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም እንደ እሺታ ተቆጠረ።

ሚዛን ተፈሪ ወሬ የሚያድርባት ከተማ አይደለችም። በሳምንቱ ገበያ ስወጣ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት ሳትቀር፣ «እትዬ የሺ፣ ያ የመሬቱን መዝገብ ያጠፋው ኮምፒውተር የእርስዎ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ግዥ ክፍል ተቀምጬ የተረፈኝ ስም ይኸው ሆነ። ስለዚህ ማን ምን እንደመረጠ እጽፋለሁ። የኃላፊውን ስም አልጠራም። ፈርቼ አይደለም፤ በወረቀቴ ላይ እንዲቀመጥ ስለማልፈልግ ነው። ስለ ትዳሬና ስለ ልጆቼ ለማንበብ የሚፈልግ ካለም እዚህ አያገኝም።

ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ሸኮ፣ በታይፒስትነት ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቼ ወደ ሚዛን፣ ወደ ግዥ ክፍል ተዛወርኩ። ስለ ደመወዙ የሚነገር ነገር የለም፤ በቃኝ ያለ ሰው አላየሁም። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ነስሩ የሚባሉ የጅማ ሰው ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ሥራው ምንም አልነገሩኝም። አንድ የጨረታ ሰነድ ሰጡኝና ከኋላ ወደ ፊት እንዳነበው አዘዙኝ። ሰው የሚያፍርበትን ነገር መጨረሻው ገጽ ላይ ነው የሚያስቀምጠው አሉ። እውነታቸውን ነበር። በሰላሳ ገጽ ሰነድ ውስጥ «የጥገና አገልግሎቱ አዲስ አበባ በሚገኘው ቢሯችን ብቻ ይሰጣል» የምትለዋን መስመር ያገኘሁት ከማኅተሙ በላይ ተሸጉጣ ነው።

በሁለት ፖስታ የሚመጣ ጨረታ ሲሆን የቴክኒኩ ፖስታ ተከፍቶ ይገመገማል፤ የዋጋው ግምገማው እስኪያልቅ ታሽጎ ይቆያል። ሌሎች ቢሮዎች የዋጋውን ፖስታ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበታል። ጋሽ ነስሩ ግን ቁልፍ አያምኑም ነበር። ፖስታዎቹን ሁሉ በአንድ የአቡጀዲ ከረጢት ከትተው አፉን በመርፌና በክር ይሰፉታል፤ ስፌቱ ላይ ወረቀት ይለጥፉና ተጫራቾቹን ራሳቸውን ያስፈርማሉ። አንዱ ተጫራች፣ «ጋሼ፣ ልብስ ሰፊ ነዎት ወይስ ግዥ ኃላፊ?» ብሎ ቀለደባቸው። እሳቸው ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው፣ «ልብስ ሰፊ ብሆን ኖሮ ለአንተ ሰፋ አድርጌ እሰፋልህ ነበር፤ ኪስህ ብዙ ነው» አሉት።

ለመሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያዎቹን ኮምፒውተሮች ስንገዛ ስለ ዕቃው እሳቸውም እኔም አንድ ነገር አናውቅም ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ሻጭ ናሙናውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እያበራ ያሳየናል፤ ቀለሙ፣ ድምፁ፣ ፍጥነቱ። ጋሽ ነስሩ ቀስ ብለው ተነሱና ሶኬቱን ነቀሉት። ሰውየው ደነገጠ።

«አባት፣ እንዲህ አይጠፋም እኮ። የራሱ ሥርዓት አለው።»

«ሥርዓቱን ለመብራቱ ንገርልኝ። እዚህ ሲሄድ አስፈቅዶ አይሄድም» አሉት።

ደጋግመው ነቅለው ደጋግመው ሰኩት። በሰባተኛው አልነሣ አለ። ያንን ዕቃ አልገዛንም።

ከሁሉ በላይ ግን ሄደው ያያሉ። ተጫራቹ ቀድሞ ዕቃ አቅርቤበታለሁ ያለበት ቦታ ሚኒባስ ተሳፍረው ይሄዳሉ፤ አበል ሲፈቀድ በአበል፣ ሳይፈቀድ በኪሳቸው። ሸዋ ቤንች አብሬያቸው የሄድኩበት ጊዜ ነበር፤ ጄኔሬተር ለማየት። የቢሮው ሥራ አስኪያጅ አቅራቢውን አመስግኖ አልበቃውም፤ ምስጋናውን በጽሑፍ ልስጣችሁ አለን። ጋሽ ነስሩ ወጥተው ዘበኛውን አስነሥተው ጠየቁት። ዘበኛው ጄኔሬተሩ የሚነሣው ትልቅ ሰው ሲመጣ ነው፤ ያኔም ሦስት ሰው ሆነን ገፍተን ነው አለ። መንገድ ላይ ሲመለሱ የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዕቃው ላይ የፈረመውን ሳይሆን ዕቃው የተጫነበትን ሰው ጠይቂ።

ርክክብም ላይ እንዲሁ ናቸው። ሌላው ሰው «መቶ ፋይል ተረክቤአለሁ» ብሎ ይፈርማል። እሳቸው በቁጥር አይረከቡም፤ በስም ነው። እያንዳንዱ ፋይል የማን እንደሆነ፣ ከነአያቱ፣ በዝርዝር ተጽፎ፣ በሁለት ቅጂ። እጄ እስኪዝል ጽፌአለሁ። በልቤ ተሳድቤአለሁም።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ወደ ጅማ ሲመለሱ ወንበሩ ለእኔ ደረሰ። ለመሥሪያ ቤቱ አዲስ ኃላፊ፣ ያ በጡረታዬ ዕለት ንግግር ያደረገው፣ የተሾመልንም በዚያው ሰሞን ነው። ደብዳቤውም ከዚህ በኋላ ይመጣል።

በእኛ አገር መሥሪያ ቤት አንድ ልማድ አለ። ዕቃ ያቀረበ ነጋዴ ሥራውን ሲጨርስ «የመልካም ሥራ አፈጻጸም» ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ለሚቀጥለው ጨረታ ልምዱን የሚያሳይበት ነው። አሳምሮ ለሠራው ይጻፋል። አበላሽቶ ለሠራውም ይጻፋል። መከልከል እንደ ክፋት ይታያል፤ የሰው እንጀራ መዝጋት ነው ይባላል። ደግሞ ያበላሸው ሰው ደብዳቤውን እስኪያገኝ ድረስ በየቀኑ እየመጣ በርህ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ለመገላገል ሲባል ይጻፍለታል። ጋሽ ነስሩ የተጠቃሚውን ክፍል ሳያስፈርሙ አንድም ቀን አልጻፉም፤ በዚህም ክፉ ሰው ይባሉ ነበር።

ሰዉ ሁሉ «ኢንጂነሩ» የሚለው አንድ አቅራቢ ነበር። የተማረበትን ወረቀት ያየ ሰው አላውቅም። ለቢሯችን ኮምፒውተርና ማተሚያ ሊያቀርብ አሸንፎ ሁለት ወር አዘገየ፤ ካመጣቸውም ማተሚያዎች ሦስቱ ወረቀት ከማኘክ በስተቀር ሥራ አልነበራቸውም። ከዚያ ደብዳቤ ብሎ መጣ። አልጽፍም አልኩ። በማግስቱ መጣ፤ በሳልስቱም መጣ። «እትዬ የሺ፣ እናቴን ይመስሉኛል፤ አንድ ወረቀት ምን ይጎዳዎታል?» ይለኛል። እናቱን የምመስል ከሆነ ማተሚያዎቹን እንዲያስተካክል ነገርኩት። ሳቀ፤ ወጥቶ ኃላፊው ቢሮ ገባ። ኃላፊው በስልክ ጠራኝና፣ «ጻፊለትና ይሂድልን» አለ። በወረቀት አላዘዘኝም። እሱ በወረቀት የሚያዝዝ ሰው አልነበረም።

ጻፍኩለት። «የቀረበልንን ዕቃ በውሉ መሠረት፣ በተባለው ጊዜና ጥራት አስረክቦናል» ብዬ፣ በስሜ ፈርሜ፣ ማኅተም አስመታሁበት። ሄደልን። ጠረጴዛዬ ፊት ያ ሰው ባለመኖሩ የተሰማኝን እፎይታ አልደብቅም።

ከዚያ የመሬቱ ፕሮጀክት መጣ። በየወረዳው ያሉት የገበሬዎች የይዞታ መዝገቦች ተሰብስበው ወደ ኮምፒውተር ይግቡ ተባለ፤ የማን ቡና የማንን ቡና እንደሚያዋስን፣ መሬቱ በባልና በሚስት ስም መሆኑን የሚናገሩ መዝገቦች ናቸው። አንድ ሰርቨር የሚባል ዋና ማሽን ሚዛን ላይ ይተከላል፤ አቅራቢው መዝገቡንም ያስገባል። ሰነዱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የነጥብ አሰጣጡን ከላይ ከተላከ ናሙና ላይ እንዳለ ገለበጥኩት፤ ልምድ በደብዳቤ ብዛት እንደሚለካ የሚያዘው መስመርም አብሮ ተገለበጠ። ይህን ማንም አላስገደደኝም።

ለመጨረሻው ግምገማ የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ኢንጂነሩ፣ ከስድስት ደብዳቤ ጋር። ሁለተኛው ጅማ ውስጥ የጥገና ሱቅ ያላቸው ወንድማማቾች፣ ከአንድ ደብዳቤ ጋር። ወንድማማቾቹ ዋጋ ከመጻፋቸው በፊት መጥተው ማሽኑ የሚቀመጥበትን ክፍል አይተዋል። ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ጠየቁ፤ መብረቅን ወደ መሬት የሚያወርደው የመሬት ሽቦ የት እንደተቀበረ ጠየቁ፤ መብራት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ዘበኛውን ጠየቁ። ኢንጂነሩ ሰነዱን በሰው ላከ።

የግምገማው ቀን አምስት ሆነን ተቀመጥን። ሰብሳቢው ኃላፊው ነው፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ የቀሩት ሦስት አባላት ኃላፊው የሚያየውን የሚያዩ ናቸው። ወሩ ሰኔ ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ቀናት ቀርተውታል። የኢንጂነሩ ደብዳቤዎች ሳይጣሩ ነጥብ አይሰጥም አልኩ። አንዱ ደብዳቤ ከቴፒ ነበር፤ ሄጄ ልየው አልኩ።

«ወይዘሮ የሺ፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ነው የምትጠራጠሪው?» አለ ኃላፊው።

«ማኅተሙን አልተጠራጠርኩም። ዕቃውን ልየው ነው ያልኩት።»

«በዚህ ጭቃ ቴፒ ደርሰሽ እስክትመለሺ በጀቱ ይቃጠላል» አለና ሰነዱን ማገላበጥ ጀመረ። አንድ ወረቀት መዝዞ ጮክ ብሎ አነበበ፤ በውሉ መሠረት፣ በተባለው ጊዜና ጥራት። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ ጠረጴዛው ላይ አንሸራተተው።

«ይህ የማን ፊርማ ነው?»

ሦስቱም አባላት ቀና ብለው አዩኝ። እሱ ደግሞ ዓይኔን አይቶ፣ በስልክ ያለኝን ነገር አንድም ቀን እንዳላለ ሰው ተቀምጧል። ያን ጊዜ «አንተ አስጽፈኸኝ የጻፍኩት ውሸት ነው» ማለት ነበረብኝ። እሱን ለማጋለጥ ግን መጀመሪያ ራሴን ማጋለጥ ነበረብኝ፤ በማኅተም የዋሸች ግዥ ኃላፊ መሆኔን በቃለ ጉባኤ፣ በራሴ እጅ መጻፍ ነበረብኝ። አልጻፍኩም። «የኔ ነው» አልኩ። ኢንጂነሩ ሙሉ ነጥብ አገኘ፤ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነበር፤ አሸነፈ። ቃለ ጉባኤውን ጽፌ አምስታችንም ፈረምን። እሷ መረጠች የሚሉት ይህንን ነው። አምስት ፊርማ ነበረበት።

ቴፒን በተመለከተ ደግሞ እውነቱን ልናገር። የሚኒባሱን ከኪሴ ከፍዬ መሄድ እችል ነበር። ጋሽ ነስሩ ቢሆኑ ይሄዱ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ በወጉ ሠራሁ። የወረዳዎቹ መዝገቦች ለኢንጂነሩ ሠራተኞች ሲሰጡ በቁጥር አላስረከብኩም። ከሰዓት በኋላዬን ሁሉ ለሳምንታት ሠውቼ የየባለይዞታውን ስም ከነሚስቱ ስም በዝርዝር አስጽፌ አስፈረምኩ። ኃላፊው አልፎ ሲሄድ አይቶ፣ ዘመኑ የኮምፒውተር ነው፣ አንቺ አሁንም በእጅ ትጽፊያለሽ ብሎ ተሳለቀብኝ። ሥራው ተጠናቀቀ በተባለ በሳምንቱ የኢንጂነሩ ስድስት ደብዳቤዎች ሰባት ሆኑ፤ ሰባተኛውን የፈረመው ኃላፊው ራሱ ነው። የወረቀት መዝገቦቹንም ወረቀት ድሮ ቀረ ብሎ ጓሮ ካለው መጋዘን አስገባቸው። ምስጥ እንዳለበት በጽሑፍ አሳውቄአለሁ፤ መልስ አላገኘሁም።

ማሽኑ አንድ ክረምት አልጨረሰም። መብረቅ በጣለ ቀን መብራቱ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ደግሞ በኃይል መጣ። መብራት ሲቋረጥ ማሽኑን ያቆየዋል የተባለው ዩፒኤስ ውስጡ ሲከፈት ባትሪው ያበጠ፣ አሮጌ ነው። የመሬት ሽቦ የተባለው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀርቷል። መጠባበቂያ ቅጂው የተቀመጠው በዚያው በተቃጠለው ማሽን ላይ ነበር። ወደ መጋዘኑ ስንሮጥ መዝገቦቹ በእጃችን ላይ እንደ ዱቄት ተበተኑ።

የኢንጂነሩ ስልክ አይነሣም። ምናልባት አድራሻውን የሚያውቅ ባገኝ ብዬ ቴፒ ሄድኩ፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ። ዕቃ አቅርቤበታለሁ ባለበት መሥሪያ ቤት የግዥ ባለሙያዋ ወጣት ሴት ነበረች። ወደ አንድ ክፍል ወስዳ ላስቲክ የለበሱ ኮምፒውተሮች አሳየችኝ። ከመጡ ጀምሮ አልሠሩም፤ እንደዚያው ናቸው አለች። ታዲያ ስለምን ያንን የመሰለ ደብዳቤ እንደጻፉለት ስጠይቃት አፈረች።

«በራችን ላይ ተቀምጦ አስቸገረን፤ እንዲሄድልን ጻፍንለት» አለች። ቀጥላም፣ «መጀመሪያስ ቢሆን እኛ የት እናውቀዋለን? የእርስዎን ደብዳቤ አይተን አይደል የመረጥነው» አለችኝ።

ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝ። ውኃ ሰጠችኝ። እሷን ልቆጣ ሄጄ ነበር።

ወይዘሮ ማርታ ወደ ቢሮዬ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ከሸኮ ወረዳ የመጣች መበለት ናት። ባሏ ሞቷል፤ የይዞታ ደብተሯ ከጎጆዋ ጋር ተቃጥሏል፤ የባሏ ወንድም ደግሞ ቡናው የወንድሜ ነው፣ አንቺ ምን አለሽ ብሎ አጥሩን አፍርሶ መልቀም ጀምሯል። ፍርድ ቤቱ ከመዝገብ ማስረጃ አምጪ ብሏታል። የሸኮ ወረዳ ቢሮ ወደ እኛ ላካት፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ያለው የተቃጠለ ማሽንና የምስጥ አፈር ነው።

ዝርዝሬን አወጣሁ። የባሏ ስም አለ፤ አጠገቡ «ሚስት፦ ማርታ» ይላል። ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ይህ ተጠቅሶ ደብዳቤ እንዲጻፍላት ጠየቅኩት።

«መዝገቡ ጠፋብን ብለን በማኅተም ከጻፍን ነገ ወረዳው በሙሉ ይከሰናል» አለ።

«ሴትየዋ መሬቷን ልትነጠቅ ነው።»

«የአንድ ሰው ጉዳይ ነው፣ ወይዘሮ የሺ። መሥሪያ ቤቱን አስቢ።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለዚያ ለማይረባ ሰው በሁለት ቀን የተገኘ ማኅተም ለእሷ ተከለከለ። ነጭ ወረቀት አወጣሁና በራሴ ስም ጻፍኩ። መዝገቡን በስም ዝርዝር እንዳስረከብኩ፣ የባልና የሚስቱም ስም በዝርዝሩ እንዳለ፤ መዝገቡ የጠፋው አቅራቢው በአግባቡ ሳይጣራ ስለተመረጠ መሆኑን፤ ቀድሞ ለዚያ አቅራቢ የተጻፈው የመልካም አፈጻጸም ደብዳቤ እውነት እንዳልነበረና የፈረምኩት እኔ መሆኔን። ወይዘሮ ማርታ ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት። አማርኛዋ ቆጠብ ያለ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ይኼ የመጨረሻው ለኔ መሬት ምን ያደርጋል?» አለችኝ።

«መዝገቡ ስለምን እንደሌለ ዳኛው ይጠይቅሻል። ግማሹን ብቻ ብጽፍ አያምንሽም።»

«አንቺን አያባርሩሽም?»

«አላውቅም» አልኳት። አላውቅም ነበር።

ፍርድ ቤት ቀርቤ በቃሌም መሰከርኩ። የባሏ ወንድም ጠበቃ፣ ያኔ በማኅተም መዋሸቷን ራሷ ካመነች የዛሬው እውነት በምን ይታወቃል ብሎ አፋጠጠኝ። ደግ ጥያቄ ነው፤ አልተቀየምኩትም። ዝርዝሩን ሰጠሁ፤ የኢንጂነሩ ሠራተኞች ፊርማ በየገጹ አለ። ጎረቤቶቿም መሰከሩላት። መሬቱ ለወይዘሮ ማርታ ጸና።

ለእኔ የደረሰኝ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ «የመሥሪያ ቤቱን ገጽታ በማበላሸት» ይላል። ዕድገቴም ታገደ። ኃላፊው የራሴን ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ ራሷ አምናለች እያለ ለጠየቀው ሁሉ አሳየ። የአዳራሹ ቀልድ የመጣው ከዚያ ወረቀት ነው። ለውሸቱ ደብዳቤ ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም፤ ምስጋና ነው የተሰጠኝ።

ወይዘሮ ማርታ ፍርዱ የተሰጠ ዕለት ከግቢው በር አጠገብ ጠበቀችኝ። ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን በዚያ ዝርዝር ላይ የሌሎቹም ሰዎች ስም ይኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ፣ አለ አልኳት።

«እነሱስ ታዲያ?» አለች።

ተናደድኩባት። ከዚያ በኋላ ግን መምጣት ጀመሩ። አንዱ ከወንድሙ ጋር የተካሰሰ፣ አንዷ ባሏ ሌላ ሴት ያገባባት፣ አንዱ ወንዝ ድንበሩን የወሰደበት። የቢሮ ወረቀት ስለተከለከልኩ በገዛሁት ወረቀት ጻፍኩ። ጡረታ ስወጣ የዝርዝሩን ሁለተኛ ቅጂ ይዤ ወጥቻለሁ፤ ይህንንም የሚከሰኝ ካለ ይክሰሰኝ። አሁን ቤቴ ድረስ ይመጣሉ። ማኅተም የለኝም፤ ዳኞቹ አንዳንዱ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ይመልሳቸዋል፤ ሲጠሩኝ ሄጄ እቆማለሁ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አንድ ሽማግሌ ከሸዋ ቤንች መጥቶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ጫማው ጭቃ ስለሆነ አልገባም ብሎኛል። የከተማው ወሬ ደርሶታል መሰለኝ፣ ኮምፒውተሩን የገዛሽው አንቺ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከፈረሙት አንዷ ነኝ አልኩት። ዝርዝሩን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና ሙሉ ስሙን ከነአያቱ እንዲነግረኝ፣ ከዚያም የሚስቱን እንዲያስከትል ጠየቅኩት።